አንድ ካርቶን መጽሐፍ በጁባ

ጁባ ላይ ከሐበሻ ጋር ቀጠሮ የያዘ ሰው አስቀድሞ «በማን ሦስት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቅ። ደቡብ ሱዳን ሰዓቷ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል የነበረበት ጊዜ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን አገሪቱ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች፤ አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሲል ጁባ ገና ሁለት ይላል። በዚያ ላይ እኛ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ የኔ ሦስት ሰዓት ለቦዳ (ለሞተር ታክሲ) ነጂው ዘጠኝ ነው። ስልክ የአገሩን ሰዓት በራሱ ይይዛል፤ ይህ የሚሆነው ግን ባለቤቱ ሲፈቅድለት ነው። ካርቶን ይዞልኝ የመጣው እንግዳ አልፈቀደለትም ነበር። ጁባ ገብቶ፣ አድሮ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ስልኩ ገና አዲስ አበባ ነበረች።

እንግዲህ ስለዚያ ካርቶን ልንገራችሁ። ቡናችሁን ያዙ፣ ነገሩ ጠመዝማዛ ነው።

እዚህ ያለነው ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። ሆቴል የሚያሠራ አለ፣ ምግብ ቤት የከፈተ አለ፣ ሸቀጥ የሚያመላልስ፣ ግንባታ ላይ የሚውል፣ በእርዳታ ድርጅት የሚሠራ አለ። ሁሉም ከአገር ሲመጣ አንድ ሁለት መጽሐፍ ሻንጣው ውስጥ ይኖራል፤ ተነቦ ሲያልቅ አልጋ ሥር ይገባል፣ ጉንዳንና እርጥበት ይበላዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ የየአልጋው ሥር መጻሕፍት ወጥተው የሐበሾች ማኅበራችን በምትሰበሰብበት ክፍል አንድ መደርደሪያ ሞሉ። ጠባቂነቱ ለኔ ደረሰ። በሞያዬ የቤተ መጻሕፍት ሰው አይደለሁም፤ መጽሐፍ እወዳለሁ፣ ስልክም አለኝ። ከአዲስ አበባ ደግሞ የሚያውቁን ሰዎች አንድ ካርቶን አዘጋጅተው፣ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው አስያዙልን።

ከጉዴሌ እንግዳው ወዳረፈበት የቶምፒንግ ሆቴል የሚወስደኝን መንገድ ማታውኑ በስልኬ ካርታ ላይ አየሁ። ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ካርታ ነው፤ መሠረቱ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል፣ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች እየሣሉ የሚሞሉት። ለጁባ እንዲህ ያለ ካርታ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ስም ያለው መንገድ ጥቂት ነውና አድራሻ የሚነገረው በምልክት ነው። ኮኞ ኮኞ ገበያ፣ የጉምሩክ አደባባይ፣ የጆን ጋራንግ መካነ መቃብር፣ ከዚያ በስተግራ ማንጎ ዛፍ፣ ከዛፉ ቀጥሎ ሰማያዊ በር። ካርታው አደባባዩን ያውቃል፤ ሰማያዊውን በር የሚያውቀው ቦዳ ነጂው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ የወጣ ሰው አይጠፋም።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ኤም-ጉሩሽ የሚባለው የሞባይል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ የፓውንድ እስር በፌስታል መሸከም ለሰለቸው ሰው እፎይታ ነው። የዚያን ቀን ነጂዬ ግን የሚፈልገው በእጅ የሚቆጠረውን ነበር። ነዳጅ ሻጩ ዘንድ በጥሬው ስለሚከፍል እኔም በጥሬው ከፈልኩት፤ አጠገባችን የቆሙ ሰዎች እስሩን አብረውን ቆጠሩት።

ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ነው፤ በጁባ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሆቴሉ በር ላይ ነበርኩ። እንግዳው በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሲጠብቀኝ ቆይቶ፣ የማላካል በረራው ስለደረሰ ሄዷል። ስልኩ ዝግ ነው። ካርቶኑን ለዘበኛው አደራ ብሎ ትቶታል። አደራውም መልካም አደራ ነው፦ «ውስጡ ምን እንዳለ ለሚነግርህ ሐበሻ ስጠው።»

ዘበኛው ቁመቱ በሩን የሚያህል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ካርቶኑን በሁለት እግሩ መካከል አስቀምጦ «ኪታብ ታኪ?» አለኝ፤ መጽሐፉ ያንተ ነው? ነው አልኩት። እንግዲያውስ ንገረኝ አለ። ዝርዝሩ ስልኬ ውስጥ አለ ብዬ ፈገግ እያልኩ አወጣሁ። ለመጻሕፍት መመዝገቢያ የጫንኩት አፕ ተከፈተ፤ ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ኔትወርክ የለም። ዝርዝሩን እኔ በጣቴ ጻፍኩት፤ የተቀመጠው ግን ከባሕር ማዶ ነው፣ መንገዱ ሲዘጋ ለኔም ይዘጋብኛል። «ሸበካ ማፊ» (ኔትወርክ የለም) አልኩ። ዘበኛው በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀ፣ ካርቶኑን ግን አላንቀሳቀሰም።

ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል። በር ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን አጥፍተው መጡ፤ ሐበሻው የራሱ ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ እንደማያውቅ ተነጋገሩ። አንዱ ስልኬን ተቀብሎ ወደ ሰማይ አነሳልኝ፤ ሌላው ግንቡ ላይ ወጥቶ ሞከረ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ለኔ ኔትወርክ ፍለጋ ተሰማራ። ክቧ ትዞራለች። ባትሪው አለቀ።

ዘበኛው አማርኛ ስለማያነብ፣ ብናገርም የሚያመሳክር ያስፈልጋል። ከወጥ ቤት አንዲት ሴት አስጠራ፤ የአገሬ ሰው ናቸው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። ካርቶኑ ተከፈተና «በል ልጄ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ አያለሁ» አሉኝ። ፍቅር እስከ መቃብር አልኩ፤ አገላብጠው አወጡት። ከአድማስ ባሻገር አልኩ፤ እሱም ተገኘ። ኦሮማይ፤ አለ። ቦዳ ነጂዎቹ በእያንዳንዱ መጽሐፍ «አይዋ!» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ጠፋብኝ። «ሌላስ ልጄ?» አሉኝ። የልጆች ተረት አለ እትዬ። «የማን ተረት? ስሙስ?» ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ለሰው የተሰጠ፣ ለሰው የምወስደው ንብረት ነው፤ ስሙን አለማወቄ ከፀሐዩ ይልቅ አንገበገበኝ። እሳቸው ፊቴን ለጥቂት ጊዜ አዩና ወደ ዘበኛው ዞረው በዓረብኛ «መጽሐፍ የሚሰርቅ ሰው እንዲህ አያልበውም፣ ስጠው» አሉልኝ። ሰጠኝ፤ እጄንም ጨበጠኝ።

ካርቶኑ ሲዘጋ ግን የሴትየዋ እጅ አንዲት የፊደል መጽሐፍ ላይ ቀረ። ጁባ የተወለደች ልጅ አለቻቸው፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር የጁባ ዓረብኛ ታወራለች፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ትማራለች፣ አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። መጽሐፏን ሰጠኋቸው፤ ስማቸውንና ስልካቸውን ከካርቶኑ ክዳን በተቀደደ ቁራጭ ላይ ጻፍኩ። ከዚህ ካርቶን የቤተ መጻሕፍታችን የመጀመሪያ ውሰት ያ ነው፤ ምንም አፕ አልነበረበትም።

ማታ ከማኅበራችን አንድ ወጣት ጋር ምዝገባውን ያዝነው። ባርኮዱን በስልክ ካሜራ ሲያነቡት የመጽሐፉን ስም፣ ደራሲውንና ዘመኑን የሚያመጣ አፕ ነው ያለን። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ እሰየው ነው፤ ጢት ይላል፣ ይመጣል። ለኛ መጻሕፍት ጢት ይላል፣ አይመጣም። የኢትዮጵያ መጻሕፍት የአይኤስቢኤን ቁጥራቸው 978-99944 ብሎ ይጀምራል፤ አፑ ቁጥሩን አሳምሮ ያነባል። የሚጠይቃቸው የውጭ መዛግብት ግን መጽሐፎቻችንን አላስገቧቸውም። ጭራሹን ቁጥር የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ፍቅር እስከ መቃብር መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ አይኤስቢኤን የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

በእጅ እንሙላ ብለን ጀመርን። አፑ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። ለፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ለሀዲስ አለማየሁ «አለማየሁ» ብለን ብንሞላ ደራሲው በ«አ» ሥር ይገባል፤ አንባቢያችን ደግሞ መጥቶ የሚጠይቀው ሀዲስን ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ አገራችን ሰውን የምትጠራው በራሱ ስም ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱም እንዲሁ መጥራት አለበት። ዘመኑም አለ፦ 1958 ብለን ስንጽፍ አፑ የፈረንጅ 1958 አድርጎ ይወስደዋል፣ መጽሐፉንም ስምንት ዓመት ገደማ ያስረጀዋል።

ከሁሉ የከፋው ፍለጋው ነው። አንዱ ሀዲስ አለማየሁ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሐዲስ ዓለማየሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ፊደላት መለያ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ይህ ትክክል ነው፣ ግዕዙም አማርኛውም ሳይጎድል እንዲጻፍ ያስፈልጋል። ጉድለቱ ያለው ከላዩ በተሠሩት አፖች ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርገው ይፈልጋሉ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ መፈለግ ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ወጣቱ መድኃኒቱን አገኘ። ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ የሠንጠረዥ አፕ ሁለት ዓምድ አዘጋጀ፦ በአንዱ የመጽሐፉ ስም ሽፋኑ ላይ እንደተጻፈው፣ በሁለተኛው ደግሞ ሐውም ኀውም «ሀ»፣ ሠውም «ሰ» እየሆነ። ስንፈልግ በሁለተኛው ነው። አሁን መጽሐፍ አይጠፋብንም።

ለትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ኮሃ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ላለ አንድ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚያገለግል ነው። ለአንድ መደርደሪያ ግን ይበዛል። ይልቅ እጅግ የጠቀመን ኪዊክስ ነው። ውክፔዲያን እንዳለ ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ አፕ ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ስልክም ይሸከመዋል፤ ልጆቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው የቤት ሥራቸውን ከሱ ይፈልጋሉ።

ወረቀት በዚህ ከተማ ብዙ መከራ አይቷልና መጻሕፍቱን መዝግቦ ማኖሩን በቀላሉ አላየውም። የጁባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ተመሥርቶ በ1989 በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ወደ ካርቱም ተሰደደ፤ ወደ ቤቱ የተመለሰው ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ነው። የአገሪቱ የታሪክ መዛግብትም ዓመታት በድንኳን ውስጥ፣ በምስጥና በዝናብ መካከል ቆይተው፣ ከሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት ጋር በተሠራ ሥራ ተለይተው በዲጂታል መቀዳት ጀመሩ። ገጽ በገጽ ያነሱ እጆች ባይኖሩ ስንቱ ነገር አፈር ይሆን ነበር። እኛም ከገበያ የማይገኙትን አሮጌ መጻሕፍት ርዕስ ገጽና ማውጫ በስልክ እያነሳን ማኖር ጀምረናል። ከፎቶው ላይ ፊደል የሚለቅምልን አፕ አልፎ አልፎ «ጸ»ን «ጰ» ያደርጋል፤ እናርመዋለን።

የአዲስ አበባ አሳታሚዎች ሆይ፣ የመጽሐፎቻችሁን መረጃ ባርኮዱ ሲነበብ እንዲገኝ ለዓለም መዛግብት ላኩ። አፕ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፍለጋችሁ ሀ እና ሐን አንድ አድርጎ ይይ፣ ዝርዝራችንንም ስልካችን ላይ አስቀምጡልን። ወደ ጁባ የምትመጡ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ የልጆች መጽሐፍ ጨምሩ፤ የፊደል መጽሐፍ ከሆነ ቶሎ የሚወስደው አለ። ካርቶን የምትልኩም የመጻሕፍቱን ስም በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ካርቶኑ ውስጥ፣ አንዱን በተቀባዩ እጅ አድርጉልን።