ያንዱ ሽቶ ለሌላው ራስ ምታት

ከአዳማ ወደ ሞጆ በጠዋት የሚሳፈር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ በሩ ይዘጋል፤ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ሳይጀምር የዘይት ሽቶው ከየወንበሩ ይነሣል። ከፊት ጽጌረዳ፣ ከመሀል ዑድ፣ ከኋላ ሚስክ። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ሽታውም አብሯት ይበረታል። አንዱ መታገሥ ያቅተውና «እባካችሁ መስኮቱን ትንሽ ክፈቱት» ይላል። ከኋላው የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ስበው «ኧረ ልጄ፣ ነፋሱ ይመታኛል፣ ዝጋው» ይላሉ። ይዘጋል። ሁሌም የሚያሸንፈው ዝጉ ያለው ወገን ነው፤ ሌሎቻችን ሞጆ እስክንገባ ድረስ አፍንጫችንን ወደ ጥግ አዙረን እንቀመጣለን።

ሽቶ ጠልቼ አይደለም የማማርረው። ሸሚዜን ለብሼ አንገቴ ሥር ጠብ ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። የሚያንገበግበኝ ሽቶው እንዴት እንደሚሸጥልን፣ እንዴት እንደሚቀባና ደፍረን ሳንናገር እንዴት ችለነው እንደምንውል ነው።

ትራንዚተር ነኝ፤ ውሎዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። በፈረንጆቹ 2009 ሥራ የጀመረው ይህ ግቢ ዛሬ ከጅቡቲ የሚነሣው ኮንቴይነር አብዛኛው የሚያርፍበት ሆኗል። ጥላ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ከቀትር በኋላ ኮንክሪቱም ብረቱም ሲጠጣው የዋለውን ሙቀት መልሶ ፊታችን ላይ ይለቀዋል። ከወንዙ በኩል ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ይመጣል፤ ሞጆ የኖረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። ሙቀት፣ ላብ፣ ናፍጣ፣ ቆዳ። በዚህ መሀል ሰው ጥሩ ልሽተት ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ለዘይት ሽቶ ገበያው እንዲህ የደራውም ለዚህ ይመስለኛል።

ባለፈው በጋ በሩ አካባቢ በሣጥን ይዞ የሚዞር ልጅ አንድ ዘይት አመጣ። ከላይ ጽጌረዳና ጃስሚን፣ ከሥር ሰንደልና ሴዳር። አበባና እንጨት አንድ ላይ ማለት ነው። ልጁ የእጁን አንጓ ዘርግቶ «አሽቱት እስኪ ጋሼ» አለኝ። አሸተትኩ። እውነቱን ለመናገር የሚያስጎመጅ ነበር። እኔም ገዛሁ፣ ቢሮው ሁሉ ገዛ፣ ከሾፌሮቹም ብዙዎቹ ገዙ። በሳምንቱ ግቢው ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ከአንድ ሣጥን የወጣ ጠርሙስ ይዘን አንዳችንም እንደሌላው አንሸትም።

ሰነድ የምታዘጋጅልን ልጅ ላይ አማረ። ጠዋት ገላዋን ታጥባ ቅባት ስለምትቀባ ነው መሰለኝ፣ ጽጌረዳው እስከ ረፋዱ ቡና ሰዓት ድረስ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ለስላሳ የሰንደል ሽታ ይተካዋል። አጠገቧ ስትቆም ብቻ ነው የሚሰማህ፤ ክፍሉን አይሞላም። አብሮን የሚሠራ አንድ ሾፌር ደግሞ ያንኑ ዘይት አንገቱና ልብሱ ላይ አፍስሶ ጋቢናውን ዘግቶ ይመጣል። በሩን ሲከፍት ጽጌረዳው የለም። ጃስሚኑ በላቡ ላይ ከርሮ ልክ ሻንጣ ውስጥ እንደሚቀመጠው የብል መድኃኒት ሆኗል፤ ከሥሩ አንድ ጣፋጭ፣ ከባድ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር አለ። ማኒፌስቱን ተቀብዬው ራቅ ብዬ ነው የማነበው። ቡና የምታፈላልን እህታችን ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ፀጉሯ ቅቤ ነክቶታል፣ ልብሷ የዕጣን ጢስ ጠጥቷል፤ አበባው በጢሱ መሀል ብቅ እያለ ይመጣል፣ እንጨቱ ከዕጣኑ ጋር ተዋሕዶ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ከሁላችንም ያማረው እሷ ላይ ነው፤ ሻጩ ግን እንዲህ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ላይ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ቆዳዬ ደረቅ ነው። አበባው ቢሮ ሳልገባ ጠፋ፣ የቀረኝ ደረቁ ሴዳር ብቻ ነው፤ እርሳስ የሚሠራበት እንጨት። ቀኑን ሙሉ የትምህርት ቤት ዴስክ ስሸት ዋልኩ። ለልጁ ይህንኑ ስነግረው «ጋሼ፣ ሽቶው ያው ነው፣ ቆዳዎት ነው» አለኝ። ልክ ነው። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። ቆዳ እንደሚለያይ እያወቀ ስለምን በራሱ አንጓ ያስሸትተኛል? ያ አንጓ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ዓይነት ዘይት የተቀባ ነው። እኔ የገዛሁት የእሱን እጅ ሽታ ነው።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። የሚረጨው ሽቶ አልኮል አለው፤ አልኮሉ ቶሎ ሲተን ሽታውን ይዞት ወደ አየር ይወጣል። የዘይቱ አልኮል የለውም፤ ዓርብ ለጁምዓ የሚሄዱ ወንድሞቻችን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ቆዳ ላይ ተቀምጦ በሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ይነሣል። የሎሚና የብርቱካን ወገን የሆኑት ቀላል ሽታዎች ቀድመው ይሄዳሉ፤ አበቦቹ ይከተላሉ፤ ሰንደል፣ ሴዳርና ዑድ ከባዶች ስለሆኑ ሁሉም ከሄደ በኋላ ይቀራሉ። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፈጥነዋል። ደረቅ ቆዳ አበባውን አይዝም፣ ቅባት ያለው ይይዛል። ላብ፣ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ልብስ የታጠበበት ዱቄት ሳይቀር ይጨመርበታል። ስለዚህ ገዢ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ በሌላ ሰው እጅ ላይ ያሸተተውን ይዞ ቤቱ ሲገባ የሚያገኘው ሌላ ነገር ቢሆን አይገርምም። የሚገርመው ሁላችንም ይህን በገንዘባችን ከተማርን በኋላ እንኳ ያው በሌላ ሰው አንጓ መግዛታችንን መቀጠላችን ነው።

መጠኑስ? መጠን የሚባል ነገር ጠፍቷል። የመጠንን ዋጋ ለማወቅ እኛ ሩቅ መሄድ አልነበረብንም። ኢትዮጵያ ለዘመናት ለዓለም ዝባድ ስትሸጥ የኖረች አገር ናት፤ ከጅማ፣ ከከፋና ከወለጋ በኩል በከብት ቀንድ ታሽጎ እየወጣ እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ይደርስ ነበር። ጥሬ ዝባድ ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል። እጅግ ጥቂት ሆኖ ከአበባ ጋር ሲቀመም ግን አበባውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜም ይሰጠዋል። ጃስሚንም እንዲሁ ነው፤ ኢንዶል የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ አለ፣ በጥቂቱ የአበባው ውበት ነው፣ ሲበዛ ወደ ሽንት ቤት ሽታ ይሄዳል። እነዚህን ነገሮች መልካም የሚያደርጋቸው ማነሳቸው ነው። የዘይት ሽቶ ደግሞ ከሚረጨው ይልቅ የጠነከረ ስለሆነ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። እኛ ግቢ ውስጥ ግን ጠርሙሱን ደረቱ ላይ የሚደፋ አለ።

የሚደፋውንም ሰው መክሰስ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የራሱ ሽታ አይሸተውም። አፍንጫ አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲመጣበት ይለምደውና መንገር ያቆማል። ጠዋት የተቀባው ሰው አራት ሰዓት ላይ «ጠፋ» ብሎ ይጨምራል፤ ምሳ ላይ ይደግማል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ የሚስክና የእንጨት ሽታዎችን ከተፈጥሮው ጨርሶ የማይሰማ ሰው አለ። እሱ «ይህ ሽቶ ደካማ ነው» ብሎ ይቀባል፣ ከጎኑ ያለው ራሱን ይይዛል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መንገር የሚገባን እኛ ነበርን። ግን ማን ይነግራል? ሰውን «ደሞዝህ አነሰ» ማለት ይቀልላል «ሽታህ ከበደኝ» ከማለት። ይሉኝታ ይዞን እንቀመጣለን። አስም ያለበት አንድ የሥራ ባልደረባ አለን፤ ሽቶው ሲበረታ ሥራ እንዳለው ሰው ወረቀት ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል። በር ላይ የቆመውን ሁሉም ያየዋል፣ ለምን እንደወጣም ሁሉም ያውቃል፣ ካንዱ በቀር። እሱ ደግሞ ወጥቶ «ምነው ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?» ብሎ ትከሻውን ያቅፈዋል። በፍቅር ነው የሚያደርገው፤ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። ያ ሁሉ ሽቶ እኮ ሰው እንዲወድደው ብሎ የተቀባው ነው።

በሥራዬ የማየው ሌላ የሚያንገፈግፍ ነገር አለ። በጉምሩክ ታሪፍ ምዕራፍ 33 ውስጥ 3301 ከዕፅዋት የወጣ ዘይት ነው፣ 3302 ለፋብሪካ ግብዓት የሚሆን የሽታ ቅይጥ፣ 3303 ለተጠቃሚ የተዘጋጀ ሽቶ። ዲክላራሲዮን ስንሞላ ይህን ለይተን ካልጻፍን ዕቃው ይቆማል። ለቀረጥ ሲሆን ይህን ያህል እንጠነቀቃለን። ለሚቀባው ሰው ግን እኔ የገዛኋት ጠርሙስ ላይ ከስሟና ከወርቅማ ጽሕፈቷ በቀር የተጻፈ ነገር የለም። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ሊያስቆጡ የሚችሉ 26 የሽታ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ ካዘዘ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2023 ደግሞ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። እኛ አንገታችን ላይ ሽፍ ሲልብን ፀሐይ ነው እንላለን።

ሽቶው የሚመጣበት መንገድም አለ። ሽቶ የሚጠላው ሙቀትና ብርሃን ነው። ጅቡቲ ላይ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዕቃው ከዚያ ተጭኖ በጋላፊ ይገባል፣ በሚሌና በአዋሽ በረሃ ያልፋል፣ እዚህ ደርሶም ሰነዱ እስኪያልቅ በብረት ሣጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቆያል። ቀላሎቹ ሽታዎች በዚህ ሁሉ መሀል ይጎዳሉ፣ እንጨቱ ይተርፋል። አንድ ሰነድ በማኅተም ምክንያት ሲጓተት ሰው የሚያስበው የሚጨመረውን የማከማቻ ክፍያ ነው። ውስጡ ያለው ነገር እየተበላሸ መሆኑን የሚያነሣ የለም።

ከሁሉ የሚከፋኝ ደግሞ የጽጌረዳው ነገር ነው። ከዚህ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ በሰፋፊ የላስቲክ ቤቶች ጽጌረዳ ይመረታል። በማቀዝቀዣ መኪና በእኛው ሞጆ በኩል አልፎ በቦሌ ወደ አውሮፓ ይበርራል። አበባው ያምራል፣ ሽታ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ የተዳቀለው ዘንጉ ረዝሞ ብልቃጥ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ እንጂ እንዲሸት አይደለም። ሽታ ያለው ጽጌረዳ የሚለማው በቡልጋሪያ ካዛንላክ፣ በቱርክ ኢስፓርታ፣ በሳዑዲ ጣኢፍ ነው፤ 1 ኪሎ ዘይት ለማውጣት ከ3 እስከ 4 ቶን የአበባ ቅጠል ይጨርሳል። ስለዚህ እኛ በር ላይ በርካሽ የሚሸጠው ጽጌረዳ ከላቦራቶሪ የወጣ ነው። መውጣቱ ነውር የለውም፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራ ብዙ አለ። ግን «መቶ በመቶ የጽጌረዳ ዘይት» እየተባልን የምንገዛው ስለምንድነው? አበባው በደጃችን ያልፋል፣ ሽታው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ይመጣል፣ እሱም የአበባው አይደለም።

በቀደም ልጁን እንደገና አገኘሁት። ሌላ ዘይት ይዟል፣ አሁንም አበባና እንጨት። አንጓውን ሲዘረጋልኝ «አይ ልጄ፣ እኔው ክንድ ላይ አንዲት ጠብታ አድርግልኝ። ገብቼ ሥራዬን ልሥራ፣ ከምሳ በኋላ ካማረኝ መጥቼ እገዛለሁ» አልኩት። ጠብታዋን አደረገልኝ፤ አልከለከለኝም። ቀጥሎ ግን አንገቱን እየነቀነቀ «ጋሼ፣ እኔ እስከ ምሳ እዚህ አልቆይም» አለኝ። ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ሣጥኑን አንሥቶ ይሮጣል። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት እንኳ መቆም ከማይችል ሰው ጋር ነው ሦስት ሰዓት የሚፈልግ ዕቃ የምንገበያየው። ከምሳ በኋላ ስወጣ አልነበረም። ክንዴ ላይ የቀረው ሰንደል በጣም ጥሩ ነበር፤ ስሙን አልጠየቅኩትም።