ከወንበር ወደ ጭቃ

ድሮ ሥራውን የለቀቀ ሰው “ምን አጥፍቶ ነው?” ይባል ነበር። ዛሬ “ጀግና!” ይባላል። ጀግናው ሶፋውን ይሸጣል፣ ልብሱን ያከፋፍላል፣ ባዶ ግድግዳ ሥር አንድ ትራስ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። “ሚኒማሊስት ሆኛለሁ፤ አሁን ነፍሴ የምትወደውን እሠራለሁ” ይላል። ሶፋውን የገዛው ጎረቤት ግን ፎቶ አይነሳም፤ ዱቤው አላለቀም።

እኔም ቀናሁ። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌላው ሄዶ የበላውን አበል ሳወራርድ እውላለሁ። ከጊዜ ብዛት ማኅተም ያላረፈበት ሐሳብ ወደ ጭንቅላቴ መግባት ፈርቷል።

አርአያ ስፈልግ መጀመሪያ የመጡልኝ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1947 እ.ኤ.አ. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የማዕድን ምሕንድስና ተምረው እንዲመጡ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ እሳቸው ግን ማዕድኑን እዚያው መሬት ውስጥ ትተው ሠዓሊ ሆነው መጡ። ልቤ ሞቀ። ችግሩ በኋላ ያሠሩት ቪላ አልፋ ነው፤ 22 ክፍል አለው። ሚኒማሊዝም በ22 ክፍል አይጀመርም።

ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ዞርኩ። የትልቅ ሰው ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ፒያኖና ቫዮሊን ያወቁ ሴት ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ በጭቃ ጎጆ ኖሩ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ያ ፒያኖ ዓለምን አዳርሶ ነበር። እዚህ ላይ ድፍረቴ ከዳኝ። የእኔ ዕቅድ ቴሌቪዥን ማስወጣትን እንጂ ጫማ ማውለቅን አይጨምርም።

ደግነቱ የምኖረው ቀጨኔ ነው። እዚህ ሰፈር አንድ ክፍል መጋረጃው ሲጋረድ መኝታ ቤት፣ ሲገለጥ ሳሎን፣ ከሰሉ ሲገባ ደግሞ ማድ ቤት ይሆናል። ያም ሆኖ ከአልጋ ሥር የሚጣል አይጠፋም ብዬ እናቴን አማከርኳት።

“ማሪ ኮንዶ የምትባል ጃፓናዊት፣ ዕቃሽን አንድ በአንድ አንሺና ደስታ ካልሰጠሽ አሰናብቺው ትላለች።”

እናቴ የቆርቆሮ ሳጥኗን ጎትታ ከፈተችው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለው የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ተደርድሯል። “ይኼን ደስ ብሎኝ መስሎህ ነው ያስቀመጥኩት? ይቺን ጃፓን ቀበሌ ጠርቷት አያውቅም!”

ሚኒማሊዝሙ ከእናቴ ሳጥን ስላላለፈ ወደ ነፍሴ ጥሪ ሄድኩ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። አፈሩን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ አቡክተው፣ ያለ ማሽን በእጃቸው ብቻ ጀበናና ድስት ያቆማሉ። ሲደርቅ ከእንጦጦ በጀርባ በወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይተኩሱታል። አንዷን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸውን፣ ተጠጋሁ።

“እትዬ፣ ሸክላ ያስተምሩኝ።”

“አባረሩህ?”

“ኧረ እኔ ልለቅ ነው።”

“አመመህ?”

“አይ፣ ሥራው ትርጉም አጣብኝ። እንደ እርስዎ በትንሽ ነገር መኖር አማረኝ።”

እጃቸውን ከጭቃው አወጡ። “እኔ በትንሽ ነገር የምኖረው አምሮኝ መሰለህ? ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል አልሰማህም?”

ሰምቻለሁ። እንዲያውም ለአዲሱ ኑሮዬ መፈክር ላደርገው ነበር፤ ዝም አልኩ።

“ደመወዝ በወር በወሩ ይገባል?”

“ይገባል።”

“ዝናብ ቢዘንብም?”

“ቢዘንብም።”

“እኛ ክረምት ሲገባ ጭቃው አይደርቅ፣ እሳቱ አይያያዝ። ዝናብ የማያስቀረው ደመወዝ እያለህ ሌላ ምን ትርጉም ትፈልጋለህ?”

መልስ የለኝም። በዝናቡ ላይ ደግሞ ስድቡ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ ከስድቡ እንዲታቀብ አውጀው ነበር፤ ስድቡ ግን ጆሮው ከባድ ነው። የእትዬን አያቶች “ቡዳ” ያስባለው ያው ጀበና፣ ዛሬ ቦሌ ካፌ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ “አርት” ተብሎ መብራት ይበራለታል። እሳቸው ጋ ግን የደረሰ መብራት የለም፤ የደረሰው ጭሱ ነው።

“ለመሆኑ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ወንበሯን ለማን ልትተዋት ነው?”

ለካ ልጃቸው በአካውንቲንግ ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች። እኔ “ነፍሴ ጠራችኝ” ብዬ ወደ ጭቃው ስወርድ፣ እሷ በእናቷ ጀበና ከጭቃው እየወጣች መንገድ ላይ ተላልፈናል። የምንቀውን ወንበር ለማግኘት ስንት ጀበና እንደተተኮሰ የሚያወራርድ ሒሳብ ክፍል የለም።

ተዋዋልን። እኔ ማስረጃዋን ቢሮ አስገባለሁ፤ እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሙያ ያሳዩኛል። ቢሮው “የሥራ ልምድ የላትም” አለ። እትዬ ግን ልምድ የሌለኝን እኔን ሳያቅማሙ ተቀብለው አፈር ያስወቅጡኛል። ጀበና መቼ እንደምጀምር ስጠይቅ፣ “ወገብህ መጀመሪያ ይመረቅ” ይላሉ።

የመልቀቂያ ነገር ሲነሳ ግን ሳቃቸውን ያቆማሉ። “እንዳትሞክራት! ክፍት ቦታ ሲወጣ እስክትወዳደር ወንበሯን ጠብቅልን። ሌላ ሰው ከገባባት ልጄ መቼ ልታገኛት ነው?”

ስለዚህ ከማንም ቀድሜ ቢሮ እገባለሁ፣ ከሁሉም ኋላ እወጣለሁ። አለቃዬ በትጋቴ ተገርሞ ለሌላው በምሳሌነት ይጠቅሰኛል። ለሥራዬ ትርጉም ስፈልግ ነበር፤ ይኸው ተገኘ፦ ወንበር ጠባቂ ነኝ።