ኩባንያ ያልነካው መድኃኒት

ወረፋ፣ ካርድ፣ ላቦራቶሪ! እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ይህን ሁሉ ጣጣ ማን ይወዳል? ገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ አንግቶ የሚመጣው ሰውዬ ያለ ካርድ ያክማል። አንድ ብልቃጥ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለወገብና ለስንፈተ ወሲብ ይሆናል። የከሳውን ያወፍራል፣ የወፈረውን ያከሳል። የቱ ወፍራም የቱ ከሲታ እንደሆነ ብልቃጡ በምን እንደሚለይ አይጠየቅም።

«ታዲያ ለምን አልተመዘገበም?» ላለ ሰው መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «የመድኃኒት ኩባንያዎች መቼ ያስመዘግባሉ! ሰው ከዳነ እነሱ ምን ይበላሉ?» ለካ ፈረንጆቹ እስቴን በካርታ ፈልገው አግኝተው፣ የሰውዬውን ብልቃጥ እየፈሩ እንቅልፍ አጥተው ነው የሚያድሩት!

ኩባንያዎቹስ ቢታሙ ሲያንሳቸው ነው። ግላክሶስሚዝክላይን በ2012 እ.ኤ.አ. መድኃኒቶቹን ላልተፈቀደላቸው ሕመም በማስተዋወቁና የደኅንነት መረጃ በመሸሸጉ ጥፋቱን አምኖ 3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚቆጣጠራቸው የመድኃኒት ኩባንያዎች ክፍያ ይቀበላል። እንግዲህ ኩባንያ ዋሽቷል፤ ስለዚህ ሰውዬው እውነተኛ ነው! እንዲህ ያለ አገባብ በጎንደር ቅኔ ቤት እንኳ አልተሰማም።

አሜሪካ ለሰውዬው ዓይነቶቹ ደግ ናት። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጓ የማሟያ ምግብ ሻጭ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈዋሽነቱን እንዲያስመሰክር አያስገድድም፤ ኤፍዲኤ የሚሮጠው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ነው። ሮጦ ሲደርስ ታዲያ ምን አገኘ? «ከዕፅዋት ብቻ» በተባሉ ማቅጠኛዎች ውስጥ ለልብ አስጊ ሆኖ በ2010 እ.ኤ.አ. ከገበያ የወጣውን ሲቡትራሚን፤ በወንድነት ማበረታቻዎቹ ውስጥ ደግሞ ሲልዴናፊልን፣ ያው ፋይዘር ቪያግራ ብሎ ያወጣውን። ኩባንያን የሚራገመው ብልቃጥ ኩባንያውን በሆዱ ይዞት ተገኘ።

የእኛው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን ምቀኛ ነው፤ ማሟያ ምግብ ይመዝገብ ይላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ምዝገባ ማለት እኮ በብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ መናገር ነው፤ ሰውዬው ምን በወጣው!

አያቶቻችንም አላወቁበትም። ኮሶን ያህል መድኃኒት ይዘው ለኮሶ ትል ብቻ ጠጡት። ልኩን የሚያውቅ ይሰፍረዋል፣ ነፍሰ ጡር እንዳትቀምሰው ይባላል፣ ሲበዛ እንደሚጎዳ ሳይሸሸግ ይነገራል። ስኳርንም ስንፈተ ወሲብንም ይፈውሳል ብለው ቢጮኹበት ኖሮ የት በደረሱ!

ለማንኛውም፣ በሰውዬው ምክር የስኳር ክኒኑን የጣለ ሰው ሐኪም ቤት ሲገባ ብልቃጡን ይዞ ይግባ፤ ሐኪሙ የተጠጣውን መገመት አይችልም። ሰውዬውን ለመጠየቅ ግን አይድከም፤ የዚያን ቀን ገበያው ንፋስ መውጫ ነው።