እጅ የሌላቸው ጨባጮች፦ ስለ «ክላች» የቀረበ ጥናት

የእንግሊዝኛው «ክላች» አጥብቆ መጨበጥ ማለት ነው። ሥሩ የጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክሊቻን» ሲሆን ጣትን አጥፎ መጨበጥን ያመለክት ነበር። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጣጣው የመጣው ቃሉ ከእጅ ወርዶ እግር ስር ሲገባ ነው።

መኪና ላይ ክላች ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዘው ክፍል ነው። በእግር መሠራቱ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር፤ ሲረገጥ ግን ጭራሽ ይለቃል፣ የሚጨብጠው እግር ሲነሳለት ነው። የእኛ መካኒኮች ከዚህ ውዥንብር የዳኑት ስሙን ከጣሊያን በመውሰዳቸው ነው፤ «ፍሪሲዮን» ማለት መፋተግ ነው፣ ሸራውም በእርግጥ ይፋተጋል። የተጠራጠረ ሰው ዳገት ላይ መብራት በያዘው ሚኒባስ ይሳፈር። ሹፌሩ የእጅ ፍሬን ለመሳብ ይታክተውና መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ያቆማል። ብዙም ሳይቆይ የሸራ ቃጠሎ ይሸታል። ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት ረዳቱ፣ «ከውጭ ነው፣ ዝጉት!» ይላል።

እንግሊዞች ዶሮ በአንድ ጊዜ የምትታቀፈውን እንቁላልም ክላች ይሉታል። ዶሮ ምን እጅ አላትና? የሥርወ ቃል ሊቃውንት ደርሰውላታል፤ ይህኛው ከጥንታዊው ኖርስ «ክሌክያ»፣ ከመፈልፈል የመጣ ነውና ከጭበጣ ጋር አይዛመድም ብለዋል። አጥኚው ማብራሪያውን ቢቀበልም አንድ ጥሩ ምስክር ስላሳጣው ቅር ብሎታል። ለነገሩ እኛም ክንድ የሌላትን ፍጡር «ታቀፈች» ስለምንል ሌላውን አፋችንን ሞልተን መክሰስ አንችልም።

በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ደግሞ ክላች የሚባለው በጭንቅ ሰዓት የማይርበደበድ ተጫዋች ነው። ኤንቢኤ ጭንቁን ሰፍሮታል፦ የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች፣ የነጥብ ልዩነቱም ከ5 ያልበለጠ። በ2023 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የክላች ሽልማት ዲአሮን ፎክስ ወስዷል። የተሸለመውም ኳስ ጨብጦ ስለቀረ ሳይሆን በሰዓቱ ስለለቀቀ ነው።

እውነተኛ ጭበጣ የተገኘው ሠርግ ቤት ነው። ማንጠልጠያ የሌላት የሴቶች ቦርሳ ክላች ትባላለች። ባለቤቲቱ በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ጭልፋ ስትይዝ ቦርሳዋ ብብቷ ስር ትወሸቃለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ሳይፈጸም ግን ባሏ ይጠራል። እሱም ቦርሳዋን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሳይበላ፣ ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል።