የእንቁላል ካርቶኑን ለባለሱቁ ይመልሱ

ወረታ ላይ የሙዚቃ ስቱዲዮ ለመክፈት ቆርጠው ከተነሱ፣ አስቀድመን እንኳን ደስ አለዎት እንላለን። ማይክ ገዝተዋል፣ ላፕቶፕ ተውሰዋል፣ ሦስት በአራት የሆነችውን ክፍል እናትዎን ለምነው አስለቅቀዋል፣ ግድግዳዋንም ከዳር እስከ ዳር በእንቁላል ካርቶን ለብጠዋል። ዘፋኙ መጥቶ አንድ ስንኝ እንዳለ ቀረጻውን መልሰው ሲያዳምጡት ግን ከእሱ ይልቅ የሚዘፍነው ክፍሉ ነው፤ የሰፈሩ የሩዝ መፈልፈያ ደግሞ ይቀበላል።

ስለዚህ ምክራችንን በጥሞና ይከተሉ። ጠላትዎ ሁለት ነው። አንዱ ከውጭ የሚገባው ድምፅ ነው፤ ሌላው እዚያው ክፍል ውስጥ ተወልዶ መውጫ ያጣው። የመጀመሪያውን የሚመክተው ክብደት ነው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ በር፣ የተደፈነ ቀዳዳ። ሁለተኛውን የሚውጠው አየር የሚያሳልፍ፣ ወፈር ያለ ቃጫማ ነገር ነው። የእንቁላል ካርቶን ክብደትም ውፍረትም የለውም። ከቀጭኑ ድምፅ፣ ከ«ሰ» እና ከ«ሸ» ፉጨት፣ ጥቂት ይቆነጥራል፤ ጉርምርምታውን ግን አይነካም። የ100 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ 3.4 ሜትር ይረዝማል። ይህን በአምስት ሳንቲ ሜትር ካርቶን ማስቆም አይሞከርም። ካርቶኑን ለባለሱቁ ይመልሱለት፤ እሱ እንቁላል ይደረድርበታል።

ወደ ውጭው ጠላት እንሂድ። ከተማችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈውም እዚሁ ነው። ሲኖትራኩ ማርሽ የሚቀይረው ታዲያ እርስዎ «ቀረጻ ጀምሯል» ባሉበት ቅጽበት ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ይጻፉ፤ መኪኖቹ በጣና በኩል በታንኳ እንዲሻገሩ በትሕትና ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ በሩ ዙሪያ ጎማ ይለጥፉ፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት ጭድ በገባበት ጭቃ ይምረጉ፤ ለድምፃዊ ሲቀርጹ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ። አብዛኛው የዘፋኝ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ጀርባውን ለመስኮቱ ይስጡት፣ ዘፋኙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይዝፈን።

ዘፋኙን ያስጠጉት። አፉ ከማይኩ ያለውን ርቀት በግማሽ በቀነሱ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ከፍ ይላል፤ ክፍሉና መፈልፈያው ባሉበት ይቀራሉ። አንድ ስንዝር ይበቃል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄደው ሲቀረጹ የኤሌክትሪክ ማይክ በቀረጻ ቤት አልነበረም፤ ድምፅ የሚቀረጸው በጡሩምባ መሰል ቀንድ ነበር። ያን ጊዜ ቀንዱ አጠገብ ያልቆመ ሰው ጭራሹን አልተቀረጸም ማለት ነው። የእርስዎ ዘፋኝ ከማይኩ አንድ ሜትር ርቆ እጁን የሚዘረጋው ከማን አይቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ስለ ቆርቆሮ ጣሪያና ስለ ክረምት ምክር የለንም። እሺ፣ አንድ አለን፦ ከሰኔ እስከ መስከረም አይቅረጹ። ከመኸር በኋላም መፈልፈያው ሥራ ይበዛበታልና አይቅረጹ።

የውስጡ ጠላት ግን ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የንግግር አዳራሽ ነበረ፤ የተናገሩበት ቃል አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል እየተንከባለለ ቀጣዩን ቃል ይበላ ነበር። መላ እንዲፈልግ የታዘዘው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ከሌላ ቲያትር ቤት የወንበር ትራስ በሌሊት እያስጋዘ፣ የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ፣ በሰዓት እየለካ፣ ሲነጋ ትራሱን ይመልስ ነበር። የለበሰው ልብስ ሳይቀር ልኬቱን እንደሚያዛባ ሲያውቅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መሥራት ጀመረ። ለመለኪያ የመረጠው ደግሞ የተከፈተ መስኮትን ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። እርስዎም መስኮት ከፍተው ኢኮውን በነጻ ሊገላገሉ ይችላሉ፤ በምትኩ መፈልፈያው ይገባል።

ከሳቢን ልብስ የምንማረው አለ። ጋቢ የለበሰ አጎት ጥሩ ድምፅ መጣጭ ነው። አራት አጎቶችን በአራቱ ማዕዘን ያስቀምጡ፤ ጉንፋን የያዘውን ይለዩ፤ ስለ ሩዝ ዋጋ እንዳያነሱባቸው። አጎት ካነሰዎት ከዘፋኙ ጀርባ ጋቢ እጥፍ አድርገው ይስቀሉ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርገው። የማዳመጫ ስፒከርዎን በተመለከተ፣ ከመቀመጫዎ ሳይነሱ አንድ ልጅ መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ በመስታወቱ የታየዎት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣበት ነውና ቀጣዩን ጋቢ እዚያ ይስቀሉ።

ለጉርምርምታው ወረዳችን ፎገራ የሰጠዎት ሀብት አለ፦ የሩዝ ገለባ። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ፍሬም ያሠሩ፣ በደረቅ ገለባ ሳይጠቀጥቁ ይሙሉት፣ በጨርቅ ይሸፍኑት፣ ማዕዘኖቹ ላይ ያቁሙት። ጨርቁን በአፍዎ ነፍተው ይፈትኑ፤ ትንፋሽ ካሳለፈ ድምፅም ያሳልፋል። ፍሬሙ በወፈረ ቁጥር ወደ ወፍራሙ ድምፅ ይወርዳል። ገለባው ግን ባለቤት አለው። የፎገራ ላም በወተቷ የተመሰገነች ናት፤ ወተቷም ከዚሁ ገለባ ነው። እናትዎ ከስቱዲዮውና ከወተቱ አንዱን ምረጥ ቢሉዎት ክርክር አያንሱ፣ አንድ ሸክም ብቻ ይለምኑ። ዲቫይደሩን ከገለባው ያርቁ፤ ቤት የሚያቃጥል ስቱዲዮ አኮስቲኩ ቢያምርም አይመከርም። ገለባውንም ከወለሉ ከፍ ያድርጉት፤ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው መምጣት ያውቃሉ።

ክፍልዎ ሦስት በሦስት ከሆነ፣ ኮርኒሱም ሦስት ሜትር ከሆነ፣ ያዝናሉ። 57 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሦስቱም አቅጣጫ እኩል ይነፋል። አራት ሜትር ርዝመት 43 ሄርዝን ያጎላል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ነውና ቤዚስትዎ በዚያ ክር የመጀመሪያ ድምፆች ላይ ድንገት ጎበዝ መስሎ ከታየዎት አያሞግሱት።

አያቶቻችን ይህን ሁሉ ሳይለፉ ጎጆ ቤት ሠርተው ነበር። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ፤ ዝናቡ አይጮህ፣ ድምፁ አያስተጋባ። ክብ ቤት ድምፅን ወደ መሐል የመሰብሰብ ችግር አለበት፤ መሐሉን ግን ምሰሶው ይዞታል። አስበውበት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኛ ግን ቆርቆሮ እናስመታለን፣ ወለሉን ሊሾ እናደርጋለን፣ ከዚያ ስፖንጅ ፍለጋ አዲስ አበባ እንሄዳለን።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉም ርካሹ ነው። ወረታ ላይ እውነተኛ ስቱዲዮ የሚከፈተው መብራት ሲጠፋ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መፈልፈያ ይቆማል፣ የሙዚቃ ቤቱ ስፒከር ዝም ይላል፣ ብየዳ ቤቱ ያርፋል። ላፕቶፑን ሁልጊዜ ሞልተው ይጠብቁ፤ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚስብ ሳውንድ ካርድ ለማይኩም 48 ቮልት ይሰጠዋል። ዘፋኙ በአምስት ደቂቃ የሚደርስ የሰፈር ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቡና የሚጠራው ሰው ከቤተሰቡ ይመድቡ፤ በረካውን ሳይጠጣ እንዳይለቁት።