ዓሣ ጎርጓሪ በፖቶማክ

ስዊም ጂግ ከማጥመጃ ሁሉ ቀላሉ ነው ይሉሃል። ትወረውረዋለህ፣ ክሩን ትጠቀልላለህ፣ ዓሣው ይይዛል፤ አለቀ። እንዲህ ያሉኝ ሰዎች በሙሉ ግን ነገሩን ለማስረዳት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆመው ከሰዓት በላይ የፈጀባቸው ናቸው። ቀላል ነገር ይህን ያህል ትምህርት ሲፈልግ ያስጠረጥራል።

ዕቃውን ላላየው ሰው ልግለጸው። ሾጠጥ ያለ የእርሳስ ጭንቅላት አለው፤ ከጭንቅላቱ መንጠቆ ይወጣል፤ በመንጠቆው ዙሪያ በቀጫጭኑ የተተለተለ የሲሊኮን ቀሚስ ይንዘፈዘፋል፤ ከኋላ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚወዛወዝ የላስቲክ ዓሣ ይሰካበታል። መዳፍህ ላይ ስታስቀምጠው ለጫጩት የተሠራ የዝንብ ጭራ ይመስላል። ክብደቱ ከሩብ እስከ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 14 ግራም ገደማ ነው። ብልሃቱ ክሩ የሚታሰርባት ቀለበት አፍንጫው ላይ መሆኗ ነው፤ ሣሩን በአፍንጫው እየሰነጠቀ ያልፋል። ከመንጠቆው ፊት የቆሙት ጠንከር ያሉ የናይለን ጸጉሮች አረሙን ገፋ ያደርጋሉ፤ ዓሣ ሲነክሳቸው ግን ይተኛሉ። ዋጋው 5 ወይም 6 ዶላር ቢሆን ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ገዝቶ ከሱቅ የወጣ ሰው አለመኖሩ ነው። ነጩ የግድ ያስፈልጋል፤ ውሃው ሲደፈርስ ጥቁርና ሰማያዊው ያስፈልጋል፤ ብሉጊል የሚባለውን ትንሽ ዓሣ የሚመስለው አረንጓዴ ከሌለ ደግሞ ባትሄድ ይሻላል ይሉሃል። ሚስቴ የጂጎቹን ሳጥን ከፍታ ካየች ወዲህ ስለ ጫማዎቿ ብዛት የመናገር መብቴ ተገፏል።

አስተማሪዬ ጋሼ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዛሬም ጀልባ ላይ ተቀምጠው «እዚያች ጋ ዩ ተርን በል»፣ «በቀኝ ያዝ፣ ከፊትህ ኮንስትራክሽን አለ» ይላሉ። ኮንስትራክሽን የሚሉት የወደቀ ዛፍ ነው። አንድ ጀማሪ ክሩ ስለሚጠቀለልበት ሪል ማወቅ ያለበትን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱልኝ፤ «ጂጉ ውሃ ሲነካ አውራ ጣትህ ክሩ ላይ ካልተገኘ ቀሪው ቀንህ የሸማኔ ነው።» እውነታቸውን ነው፤ የተተበተበ ክር ፈትተህ የምትጨርሰው ዓሣው ራቱን በልቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። «ምንም አታድርግ» አሉኝ። «ጠቅልል፤ ፍጥነቱን አትቀያይር፤ የዘንጉን ጫፍ አልፎ አልፎ ነቅነቅ አድርገው፤ ከግንድ ወይም ከሣር ጋር ሲነካካ ለአፍታ ቆም በል፣ ቀጥል። ከዚህ የተረፈው ትርፍ ነው።» ይህን ስልት ካስፋፉት አጥማጆች አንዱ በዊስኮንሲን ግዛት የላ ክሮስ ከተማ ነዋሪ ቶም ሞንሱር ነው። እዚያ የሚሲሲፒ ወንዝ ሣር በሣር ነው፤ ሰውየውም ጂጎቹን በገዛ እጁ እየሠራ ለትልልቅ ውድድሮች የበቃ ነው። ጋሼ አግኝተውት አያውቁም። ቢሆንም እጄ ሲቀብጥ «ቶም ሞንሱር እንዲህ አያደርግም» ይሉኛል፣ አብረው አንድ ማኅበር እንደጠጡ ሰው።

ሐበሻን ግን «ምንም አታድርግ» ብሎ ማስተማር ከባድ ነው። ዝም ብሎ መጠቅለል ሥራ የፈታ ያስመስላል። ትንሽ ስበት፣ ትንሽ ዝላይ፣ ትንሽ ማሳሳቅ ካልጨመርኩበት ዓሣው የሚንቀኝ ይመስለኛል። ትንሹ ዓሣ ሲሸሽ ቀጥ ብሎ እንደሚዋኝ፣ የምናጠምደው ባስ የሚባለው ዓሣም የሚፈልገው ያንኑ እንደሆነ ይገባኛል፤ የሚገባው ጭንቅላቴ ነው እንጂ እጄ አይደለም።

ጋሼ ለዚህ መድኃኒት አገኙለት። ዘንጌ መወራጨት ሲጀምር አንድ የድሮ ኳስ ወሬ ጣል ያደርጋሉ፤ «ለመሆኑ ከመንግሥቱ ወርቁና ከሉቺያኖ ቫሳሎ ማን ይበልጣል?» እኔ የመንግሥቱ ወገን ነኝ። ይህን ሲያውቁ «ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ማን ነው?» ይላሉ። እኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ በተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻዋን ጎል ማን እንዳገባት አስታውሳቸዋለሁ። ሁለታችንም ያን ጨዋታ ስታዲየም ገብተን አላየንም፤ ይህ ግን ክርክሩን አሳጥሮት አያውቅም። ነገሩ ሲጦፍ ግራ እጄ ዘንጉን ይዞ፣ ቀኝ እጄ እየጠቀለለ፣ ጂጉ ሣሩን ታክኮ በአንድ ፍጥነት ይመጣል። የመጀመሪያዋን ባስ የያዝኩት ሉቺያኖን ሳሳንስ ነበር።

ስለ ፖቶማክ ወንዝም አንድ ነገር ልበል፤ እኛ ብቻ አይደለንም እዚህ አገር የመጣነው። ባስ ለፖቶማክ መጤ ነው። ስሞልማውዝ የሚባለው ባስ እ.ኤ.አ. በ1854 በባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር፣ የእንፋሎት ሞተሩ ውሃ በሚጫንበት ታንክ ውስጥ ሆኖ ተራራውን ተሻግሮ ገባ። የእኛው ባለ ሰፊ አፉ ላርጅማውዝም በሰው እጅ ነው የተከተለው። ላርጅማውዙ የሚጠለልበት ሃይድሪላ የተባለው የውሃ ሣር ደግሞ የእስያ ዘር ሲሆን በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ታየ፤ ባለጀልባዎች ሲያማርሩ ባሱ ቤት አገኘ። በ2004 ደግሞ ከዚያው ከእስያ የሆነ ስኔክሄድ የሚባል ዓሣ ወንዙ ውስጥ ተገኘ። ይኼኛው ወረቀት የለውም፤ የያዘው ሰው እንዲገድለው ነው የሚመከረው። አልጠፋ ሲል የሜሪላንድ ግዛት በ2024 በሕግ አዲስ ስም አወጣችለት፤ ቼሳፒክ ቻና። ዜግነት ሲወስዱ ስም ማሳመር እኛም ዘንድ ያለ ነገር ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

ከዲሲ በታች ወንዙ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጋሼ የሚወዱት ሲጎድል ነው። ያኔ ሣሩ መሐል የነበረው ትንሽ ዓሣ ሁሉ ወደ ጠርዙ ይገፋል፤ ባሱም ጠርዙ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጂጉን ከጠርዙ ጋር ትይዩ አድርገህ ታመጣዋለህ። ሲነክስ አንዳንዴ «ቋ» ይላል፣ አንዳንዴ ግን ክሩ ይላላና ጂጉ የጠፋ ይመስላል፤ ዓሣው ጎርሶት ወደ አንተ እየዋኘ ነዋ። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። «ቋ» ሲል ብድግ ብሎ የሳበ ሰው ጂጉን ከአፉ ያስጥለዋል። ጠቅልል፣ ጠቅልል፣ ዘንጉ ጎብጦ ሲከብድህ ያኔ ወደ ጎን ሳብ። የተነከሰ ሰው «ቆይ እስኪከብደኝ» ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከደነገጥኩ ወንበሩ ላይ ነው የምቆመው። አንድ ጊዜ በባዶ የሳብኩት ጂግ ተስፈንጥሮ የጋሼን ባርኔጣ ይዞ ተመለሰ። ባርኔጣውን አላቀቁ፣ አጠለቁ፣ «ይኼስ ልኩን አልደረሰም፣ ልቀቀው» አሉ።

መልቀቅ ካልን አማቴን ማንሳት አለብኝ። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። ባስ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ወደ ውሃው ይመለሳል። ሬይ ስኮት የሚባለው የባስ ውድድር መሥራች በ1972 በውድድሮቹ ላይ ዓሣውን በሕይወት መመለስን ካስጀመረ ወዲህ ጨዋ አጥማጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለእማዬ በስልኬ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩና «ታዲያ ፎቶውን ነው የምንበላው?» አሉ።

«እማዬ፣ ስፖርት ነው።»

«ከንጋት ጀምሮ ስትሮጥለት ውለህ?»

ክብሩን ላስረዳ ብዬ የዓለም ሪከርዱን አመጣሁ። በ1932 ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ገበሬ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ ያዘ፤ 10 ኪሎ ማለት ነው፤ በ2009 ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው እኩል እስኪወጣው ድረስ ማንም አልደረሰበትም። «ከዚያስ ምን አደረገው?» አሉኝ። ዓሣውን ቤቱ ወስዶ ከነቤተሰቡ እንደበላው መናገር ግድ ሆነ። «ተባረክ» አሉ እማዬ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጆርጅ ፔሪ።

ቅዳሜ ወደ ፖቶማክ የሚገባው ማታዎማን ክሪክ ወረድን። ውሃው እየጎደለ ነበር። ጋሼ ሉቺያኖን አነሡ፤ እኔ ተነሣሁባቸው፤ ጂጉም በሥነ ሥርዓት እየመጣ ሳለ ዘንጉ ውሃ እስኪነካ ጎበጠ። መጎተቱ የባስ አይደለም። ባስ ይዘላል፣ አፉን ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይኼ ግን ሣሩ ውስጥ ተጠምዝዞ ወደ ታች አለ። ጋሼ በመረብ ሲያወጡት ቡናማ፣ ጥቁር ጠቃጠቆ ያለበት፣ ረጅም፣ ጥርሱ የተደረደረ ነገር ጀልባው ወለል ላይ ተገላበጠ። ስኔክሄድ አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ጋሼ እግራቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው «አላልኩህም? ዓሣ ጎርጓሪ...» አሉና ተረቱን ሳይጨርሱት ቀሩ፤ ዘንዶው ከቡና ፔርሙዛቸው አጠገብ ነበር።

ቤት ስደርስ እማዬ ጭንቅላቱን አይተው አማተቡ። «እባብ ቤቴ አታስገባ» አሉ፤ ቤቱ የእኔ ነው፣ ግን አልተከራከርኩም። ከዚያ ቀረብ አሉ። ክንፉን በሁለት ጣት ዘረጉት፤ ደህና። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ ፋቅ አደረጉት፤ አንድ ቅርፊት ተነሣ። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው በብርሃን አዩት። ሌላ ፋቁ። ክንፍም ቅርፊትም ካለው የኦሪት ሕግ የሚከለክለው አይደለም፤ አምባዛ ቢሆን ኖሮ ቅርፊት የለውምና እዚህ ላይ ባበቃ። «መልኩ ነው እንጂ ዓሣ ነው» ብለው ፈረዱና ቢላዋ ጠየቁ።

ሥጋው ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ አጥንቱ ጥቂት ነው። በሚጥሚጣና በሎሚ ጠበሱት። ጋሼ ሲጋበዙ «እኔ የባስ ሰው ነኝ፣ ይህን የጭቃ ነገር...» እያሉ ነበር የተቀመጡት። ሁለተኛውን ሳህን ሲያቀርቡ ጭቃውን አላነሡትም።

«ለመጪው ቅዳሜ ሁለት አምጡ» አሉ እማዬ። «ያንን አፈ ሰፊውን እዚያው ተዉት።»

ጋሼ ጣታቸውን በናፕኪን እየጠረጉ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ቶም ሞንሱር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን እንዳይሰማ።»