አንባቢና መጽሐፉ በዕድሜ ስለሚያሳዩት ጠባይ የቀረበ ጥናት

የአዲስ አበባ አንባቢ ዕድሜው በገፋ ቁጥር የንባብ ጠባዩ ይለወጣል። ይህ ጥናት ለውጡን በአራት ዘመን ከፍሎ ይመረምራል።

የመጀመሪያው ዘመነ ኪራይ ነው። አንባቢው ተማሪ ነው፤ የራሱ መጽሐፍ ስለሌለው ያገኘውን ሁሉ ያነባል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እጁ ሲገባ በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተለብዶ፣ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኖ ነው። ነገ መመለስ ስላለበት ጂኦግራፊ ደብተሩ ሥር ሸሽጎ ይጨርሰዋል፤ ጊዜ ከተረፈው ልባዱንም ያነባል። የወንጀል ልብ ወለድ ከሆነ የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሏል። በመሆኑም የዚህ ዘመን አንባቢ ብዙ ሟች እንጂ ብዙ ገዳይ አያውቅም።

ሁለተኛው ዘመነ ማስታወቂያ ነው። ተመራቂው አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ርእሰ አንቀጹን ዘሎ በቀጥታ ወደ «ክፍት የሥራ ቦታ» ይገባል። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ካገኘ፣ አከራዩ «አልጨረስክም እንዴ?» እስኪለው ድረስ ደጋግሞ ያነበዋል።

ሦስተኛው ዘመነ ይዞታ ነው። ሥራ ተገኝቷል። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ገዝቶ ያስፈርማል፤ ቤቱ ሲገባ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ያቆመዋል። ሁለቱም የሚወጡት እንግዳ ሲመጣ ነው። ከቴሌግራም ያወረደውን ፒዲኤፍ ቁጥር ስልኩ እንጂ እሱ አያውቀውም። ስለየትኛውም ቢጠየቅ መልሱ «ጀምሬዋለሁ» ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ደግሞ «አንብቤዋለሁ» ይላል፤ ጥናቱ ይህን በይሁንታ አልፎታል።

አራተኛው ዘመነ መነጽር ነው። ጡረተኛው ዳዊቱን የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ይደግማል። 150ውንም መዝሙር በቃሉ ያውቀዋል፤ መነጽሩ ከጠፋ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ለፍለጋ ይሰማራል።

ከዚህ የሚገኘው ሕግ አንድ ነው፦ የሚነበበው ቀን የተቆረጠለት ብቻ ነው። የኪራይ መጽሐፍ ነገ ይመለሳል፤ አከራዩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዳዊትም ዕለት አለው። የገዙት መጽሐፍ ግን የት ይሄዳል?

ስለዚህ ባለ ቡፌዎች መጽሐፋቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ «ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» ብለው እንዲዋሱት ጥናቱ ያሳስባል። ጎረቤትየው ክፉ ቢሆን ይመረጣል።